አልጂኔት ጄል ለፍሎራይድ ማጣሪያና ለሱፐርካፓሲተር፦ እንክብሎቹ ለምን ይልማሉ?

መቂ (ጠያቂ)

ሰላም ቤቶች። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ሥራዬ በስብሶ አፈር በሚሆን ጄል ላይ ነው። ሐሳቡ ከአንድ ጥሬ ዕቃ፣ ማለትም ከሶዲየም አልጂኔት (ከባሕር አልጌ የሚወጣ፣ ጄል የሚሆን ዱቄት)፣ ሁለት ነገር ማውጣት ነው፦ ከስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚያነሳ እንክብልና ለትንሽ ሱፐርካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በፍጥነት የሚያከማችና የሚለቅ ዕቃ) የሚሆን ጄል ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መሀል አዮን የሚያስተላልፍ ጄል።

አሠራሩ የተለመደው ነው። 2 ግራም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል፤ በስሪንጅ ጠብታ በጠብታ ወደ 0.2 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ይገባል፤ እዚያው አድሮ ይታጠባል። ችግሮቹ እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ ዲስቲልድ ውሃ ላይ ሶዲየም ፍሎራይድ ጨምሬ ስሞክረው እንክብሉ ጠንካራ ነው። እውነተኛው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ (ፒኤች 8.3፣ ፍሎራይድ በሊትር 9 ሚሊ ግራም) ሲያድር ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ በመጨረሻ ይልማል።

ሁለተኛ፣ ፍሎራይዱ ብዙም አይቀንስም። ገንዳውን በአሉሚኒየም ክሎራይድ ስቀይረው በፍሎራይድ መለኪያው ኤሌክትሮድ ንባብ በጣም ቀነሰ፤ ያው ናሙና ሌላ ላብራቶሪ ሲለካ ግን ቁጥሩ ሌላ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ለሱፐርካፓሲተሩ የሠራሁትን የካልሲየም አልጂኔት ስስ ጄል ዚንክ ሰልፌት ውስጥ ስነክረው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጠቀ።

በተጨማሪ አንዳንዶቹ እንክብሎች ጭራ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ይንሳፈፋሉ። አማካሪዬ ደግሞ «ርዕሱ ‘በተፈጥሮ የሚበሰብስ’ ካለ፣ ሥራውን የጨረሰው ጄል ኮምፖስት ይገባል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። የምታውቁ እርዱኝ።


ውሃልክ

መቂ፣ ሁኔታውን ከነቁጥሩ ስላስቀመጥሽው መልሱም ይቀላል። ሦስቱ ችግሮች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አብዛኛው ነገር የሚመጣው ከካልሲየሙ ነው።

አልጂኔት ጄል የሚሆነው ካልሲየም በሁለት ሰንሰለቶች መሀል ገብቶ ስለሚያያዛቸው ነው። ይህ ቋሚ ትስስር አይደለም፤ አዮን በአዮን የሚለዋወጥበት ነው። ሶዲየም በብዛት ካለ ቀስ በቀስ የካልሲየሙን ቦታ ይወስዳል። ካርቦኔት፣ ፎስፌት፣ ሲትሬት ወይም ኢዲቲኤ (ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ካለ ደግሞ ካልሲየሙን ከውስጥ ጎትቶ ያወጣዋል። አሁን የስምጥ ሸለቆን ውሃ ተመልከቺ። ፍሎራይዱ ከፍ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይዱ ካልሲየም ፍሎራይድ ሆኖ ስለሚዘቅጥ መጠኑ ያን ያህል ሊወጣ አይችልም። ከፍ የሚለው ካልሲየም ያነሰበት፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ፒኤቹ ከ8 ያለፈ ውሃ ውስጥ ነው። እንግዲህ አንቺ ልታጣሪው የመረጥሽው ውሃ በጠባዩ የካልሲየም አልጂኔት አፍራሽ ነው። ዲስቲልድ ውሃ ላይ የተሠሩ አብዛኞቹ ጥናቶች ይህንን አያሳዩም፤ አንባቢውም ወደ ጉድጓድ ሲሄድ ይደነግጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ጄሉን መቀየር ሳይሆን የመሞከሪያ ውሃውን መቀየር ነው። እንዲህ አዘጋጂው፦ 221 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፍሎራይድ በ1 ሊትር ውሃ አሟሚ፤ ይህ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለው ስቶክ ነው። ከስቶኩ 100 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 826 ሚሊ ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ጨምሪበትና እስከ 1 ሊትር ሙይው። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ፣ 600 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔትና ወደ 240 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ሶዲየም ያለው፣ ፒኤቹ ከ8 ትንሽ ከፍ የሚል ውሃ ታገኛለሽ። በፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጪው፤ ብርጭቆ ለፍሎራይድ አይሆንም። የእውነተኛው ጉድጓድ ትንተና እጅሽ ላይ ካለ ቁጥሮቹን ወደዚያው አስጠጊ። እዚህ ውሃ ውስጥ 48 ሰዓት ቆይቶ ቅርጹን ያልጠበቀ እንክብል ስለ አቅሙ መለካት ጊዜ ማባከን ነው።

ፍሎራይዱ ያልቀነሰው ደግሞ አልጂኔት ራሱ አሉታዊ ሙሌት ስላለው ነው። እርሳስ፣ መዳብና ካድሚየም አወንታዊ ስለሆኑ ይስባቸዋል፤ ፍሎራይድን ግን ይገፋዋል። ፍሎራይድ የሚይዘው ጄሉ ውስጥ የተቀመጠው ብረት ነው፦ ዚርኮኒየም፣ ላንታነም፣ አሉሚኒየም ወይም ሦስት ሙሌት ያለው አይረን (ፌሪክ)። ከእነዚህ አሉሚኒየም ርካሽ ነው፤ ግን ፒኤች ከ8 ሲያልፍ አሉሚኔት እየሆነ መሟሟት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ አሉሚኒየምን በተመለከተ አነስተኛ ማጣሪያዎች ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች ማድረስ ይችላሉ ይላል። ፍሎራይዱን አውርደሽ አሉሚኒየሙን ብታወጪው ችግር ለወጥሽ እንጂ አልፈታሽም።

እኔ ብሆን ዚርኮኒየምን እመርጣለሁ። አራት ሙሌት ስላለው አልጂኔቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሶዲየም በቀላሉ አያስለቅቀውም፤ ለፍሎራይድም ፍቅር አለው። ዚርኮኒየም ኦክሲክሎራይድ ኦክታሃይድሬት 32.2 ግራም በሊትር ስታሟሚ 0.1 ሞላር ይሆናል። ፈሳሹ በጣም አሲዳማ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። እንክብሉ እዚህ ውስጥ ነጭና የማያሳልፍ ሆኖ ይወጣል። ማጠቡ ላይ አትቸኩዪ፤ የእጥበቱ ውሃ ወደ 6 እስኪጠጋ ድረስ በየሰዓቱ ውሃ ቀይሪ። በደንብ ያልታጠበ እንክብል የውሃውን ፒኤች ጎትቶ ያወርድና ፍሎራይድ የሚይዝበትን አቅም አጋንኖ ያሳይሻል። የመጨረሻውን ፒኤች ያልጻፈ ሠንጠረዥ አትመኚ፤ የራስሽም ቢሆን።

ስለ ቅርጹ፦ ጭራ የሚመጣው ፈሳሹ ሲወፍር ወይም መርፌው ለገንዳው በጣም ሲቀርብ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ጠብታው ውሃውን ሲመታ ጠፍጣፋ ይሆናል። 21 ወይም 23 ቁጥር መርፌ ይበቃል። ገንዳው በቀስታ ይሽከርከር፣ በፍጥነት ከሆነ እንክብሎቹ ተጎትተው ይረዝማሉ። የሚንሳፈፉት አየር የያዙ ናቸው፤ ፈሳሹ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ካደረ አረፋው ይወጣል። ዱቄቱን ስትጨምሪ እየተሽከረከረ ባለ ውሃ ላይ በጣት ቆንጥሮ መበተን ነው፤ አንዴ ከተደፋ እንደ ገንፎ ይጓጉላል፣ የጓጎለውም ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። እስከ 50 ዲግሪ ማሞቅ ይረዳል። ከዚያ በላይ ለረጅም ሰዓት ከቆየ ሰንሰለቱ ይቆራረጥና ጄሉ ይደክማል። ሌላ ዱቄት (ለምሳሌ የብረት ሃይድሮክሳይድ) ልትቀላቅዪ ካሰብሽ በ75 ማይክሮን ወንፊት ንፊው፤ አለበለዚያ መርፌው ይደፈናል።

አንድ ቀላል ስሌት ደግሞ ከመጀመርሽ በፊት ሥሪ። ውሃው ከ9 ወደ 1.5 እንዲወርድ በሊትር 7.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ መያዝ አለበት። አንድ ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ በቀን 20 ሊትር ቢጠቀም 150 ሚሊ ግራም ነው። ጄልሽ እዚያ ውሃ ውስጥ በደረቅ ግራም 3 ሚሊ ግራም ይይዛል ብንል በቀን 50 ግራም ደረቅ ጄል ይበላል። አልጂኔቱ ብቻ ቢቆጠር ያ ከ2 ሊትር በላይ እርጥብ እንክብል ነው፣ በየቀኑ። ማደስ (ሪጀነሬሽን) የማይቻል ከሆነ ነገሩ ከወረቀት አይወጣም። ዚርኮኒየም ያለውን በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አጥበሽ ማደስ ትችዪ ይሆናል፤ ካልሲየም ብቻ ያለው ግን ከዚያ እጥበት አይተርፍም።


ቢከር

ውሃልክ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ልኬቱ ነው፤ «ሌላ ላብራቶሪ ሌላ ቁጥር አገኘ» ያልሽው እዚያ ላይ ነው ያለው።

አሉሚኒየም ከፍሎራይድ ጋር በውሃው ውስጥ ተጣብቆ ይኖራል። ኤሌክትሮዱ የሚያነበው ነፃውን ፍሎራይድ ብቻ ስለሆነ የታሰረውን አያየውም። ስለዚህ ፍሎራይዱ ሳይወጣ «ወጣ» ይልሻል። በቀለም የሚሠራው ስፓድንስም ከአሉሚኒየም ጋር ይሳሳታል። መፍትሔው ቲሳብ የሚባለው ባፈር ሲዲቲኤ ያለበት መሆኑ ነው። ሲዲቲኤ አሉሚኒየሙን ነጥቆ ፍሎራይዱን ይለቀዋል። አሠራሩ፦ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 57 ሚሊ ሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 58 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 4 ግራም ሲዲቲኤ፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፒኤቹን በ5.0 እና በ5.5 መካከል አድርሰሽ እስከ 1 ሊትር መሙላት። ሃይድሮክሳይዱን ስትጨምሪ ስለሚሞቅ ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጪ። ከናሙናው ጋር እኩል በእኩል ቀላቅዪና ቆይተሽ ለኪ፤ አሉሚኒየም ካለ ቸኩሎ ማንበብ አይሆንም። አሉሚኒየሙ ብዙ ከሆነ ናሙናውን አቅጥኚው። ኤሌክትሮዱ ራሱ ጤነኛ መሆኑን የምታውቂው ፍሎራይዱ አሥር እጥፍ ሲጨምር ንባቡ ከ54 እስከ 60 ሚሊ ቮልት ሲወርድ ነው። ከ54 በታች ከሆነ ስታንዳርዱን ወይም ኤሌክትሮዱን ጠርጥሪ።

ሁለት ባዶ ሙከራ (ብላንክ) አትዝለዪ፦ ፍሎራይድ ያለው ውሃ ያለ እንክብል፣ እና እንክብል ፍሎራይድ በሌለው ውሃ። ሁለተኛው ከእንክብሉ የሚወጣውን ብረት ያሳይሻል።

ስለ ግራፎቹም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ባይወደውም። ጊዜን ለ«ኪውቲ» (እስከዚያ ጊዜ በግራም ለተያዘው መጠን) አካፍሎ ከጊዜ ጋር የሚሥለው የሁለተኛ ደረጃ ኪነቲክስ ግራፍ አብዛኛውን ጊዜ 0.99 የሚጠጋ አር ስኩዌር (የመስመሩ መግጠም ልክ) ይሰጣል፤ ጊዜ በሁለቱም ዘንግ ላይ ስላለ ነው። ያ ቁጥር ስለ አሠራሩ ምንም አያረጋግጥም። ቀጥታ ባልሆነው ስሌት ግጠሚውና ስህተቱን አሳዪ። በሊትር 200 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ላይ የተገኘ የላንግሙይር አቅምም (በቀመር የሚሰላው ከፍተኛ የመያዝ አቅም) 9 ሚሊ ግራም ላለው ጉድጓድ አይሠራም። ከ2 እስከ 20 ሚሊ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ነጥቦችሽን አብዢ፤ ሠንጠረዡ ላይ ያምር ዘንድ ከዚያ አትውጪ።


የአጥንት ከሰል

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ያልተጠየቀ ነገር ልጠይቅ። ለፍሎራይድ ጄል ለምን? የአጥንት ከሰል አለ፤ አልሙምና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ አለ፤ ሁለቱም በስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። የአጥንት ከሰል ጠንካራ ነው፣ ቧንቧ ውስጥ አይጨፈለቅም፣ ጥሬ ዕቃውም ከቄራ ይገኛል። አልጂኔት ከቡናማ የባሕር አልጌ፣ ካይቶሳን ደግሞ ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚመጡ ናቸው፤ ባሕር ለሌለው አገር ሁለቱም በዶላር የሚገቡ ናቸው። «በተፈጥሮ የሚበሰብስ» መሆኑ ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጥቅም አይደለም፤ ቧንቧው ውስጥ ባክቴሪያ የሚበላው ነገር ማስቀመጥ ማለት ነው። ጄሉን አወንታዊ ብረት ለማንሳት ብታውዪው ይሻላል።


ውሃልክ

የአጥንት ከሰል ላይ ያልከው ልክ ነው፤ ለመንደር ማጣሪያ ከሆነ እኔም እሱን ነው የማስቀድመው። ግን የመመረቂያ ሥራ ማጣሪያ መሸጥ አይደለም። ዋናው ነገር ማነጻጸሪያ ማድረግ ነው፦ መቂ፣ በዚያው ውሃ፣ በዚያው ደረቅ ክብደት፣ ጎን ለጎን የአጥንት ከሰል አስቀምጪ። ጄሉ ከተሸነፈ መሸነፉን ጻፊ።

«ወደ ሌላ በካይ ልዙር» ካልሽም ተጠንቀቂ። ብዙ ሰው ሜቲሊን ብሉን ይመርጣል፤ አወንታዊ ቀለም ስለሆነ አልጂኔት በቀላሉ ይይዘዋል፣ በ664 ናኖ ሜትር ለመለካትም አያስቸግርም። ግን የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ በዋናነት የሚጠቀመው ሪአክቲቭ ቀለም ነው፤ እሱ አሉታዊ ነው፣ ከብዙ ጨውና ከአልካሊ ጋር ነው የሚወጣው። አልጂኔት እዚያ ዋጋ የለውም፤ ያ ጨውም ጄሉን ያፈርሰዋል። ለሪአክቲቭ ቀለም ካይቶሳን ነው የሚሻለው፣ እሱም ፒኤቹ ከ6 ሲወርድ እንዳይሟሟ መያያዝ አለበት። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣውም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ የሚለፋው በሦስት ሙሌት ክሮሚየም ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ሁሉ በስድስት ሙሌቱ ላይ ይሞከራል። ፍሳሹን ሳያዩ ጄል መምረጥ የተለመደ በሽታ ሆኗል።

ኮለም (ውሃው የሚያልፍበት በእንክብል የተሞላ ቱቦ) ውስጥ ልታስገቢው ከሆነ የእንክብሉ መጠን ወሳኝ ነው። ፍሎራይዱ ወደ መሀሉ የሚደርስበት ጊዜ ከራዲየሱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ወደ 1.5 ብታወርጂው ጊዜው ወደ ሩብ ይወርዳል። ግን ትንሽና ለስላሳ እንክብል ከላይ ባለው ክብደት ተጨፍልቆ ፍሰቱን ይዘጋል። በ1 ሊትር ኮለም ላይ በሰዓት ከ3 ሊትር ባልበለጠ ጀምሪ፤ ከታች ወደ ላይ ቢፈስ መጨፍለቁ ይቀንሳል።


መቂ

በጣም አመሰግናለሁ፣ የአጥንት ከሰሉን ማነጻጸሪያ አስገባዋለሁ። ዚርኮኒየሙንም አፈላልጋለሁ። የሱፐርካፓሲተሩን ነገር የሚያውቅ ካለ? ፖቴንሺዮስታት (ቮልቴጅና ጅረት እየተቆጣጠረ የሚለካ መሣሪያ) በሌላ ዲፓርትመንት አለ፣ በቀጠሮ ይሰጡኛል።


ኤሌክትሮን

ነጭ የሆነው ጂፕሰም ነው። የካልሲየም አልጂኔት ጄል ሰልፌት ውስጥ ሲነከር ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ካልሲየም ሰልፌት ሆኖ እዚያው ጄሉ ውስጥ ይዘቅጣል። ስለዚህ ያስተሳሰረሽ ካልሲየም ይጠፋል፣ ቀዳዳዎቹም በጠጣር ይሞላሉ። ሁለት ጉዳት በአንድ ጊዜ። ለሶዲየም ሰልፌትም ይኸው ነው። ለፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ ነጭ ባይሆንም፣ 1 ሞላር ሲደርስ አዮኑ በብዛቱ ብቻ ካልሲየሙን ያስለቅቀዋል።

መውጫው ቀላል ነው፦ ካልሲየምን ጨርሶ አታስገቢ። ዚንክ ራሱ አልጂኔትን ያስተሳስራል። ግን ዚንክ ሰልፌትን በቀጥታ አልጂኔት ፈሳሽ ላይ አታፍስሺ፤ በቅጽበት ይጓጉላል። መጀመሪያ ስሱን ጄል አድርቂ፣ ቀጥሎ ንከሪ፦

3 ግራም አልጂኔት በ100 ሚሊ ሊትር፤ ሲደርቅ እንዳይሰበር ከ0.6 እስከ 0.9 ግራም ግሊሰሮል (ከዚያ ካለፈ አዮን የማስተላለፍ አቅሙ ይወርዳል)። አረፋው ከወጣ በኋላ 20 ሚሊ ሊትሩን 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ፔትሪ ዲሽ ላይ አፍስሺ። ዲሹ ፍጹም አግድም ይሁን፤ ያዘነበለ መደርደሪያ አንዱን ጎን ወፍራም ሌላውን ስስ ያደርገዋል፣ ከዚያ የሚለካው ሁሉ ይዛባል። በ40 ዲግሪ አሳድሪው። ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ሽፋን ይወጣል። 1 ሞላር ዚንክ ሰልፌት (ሄፕታሃይድሬቱ 287.5 ግራም በሊትር) ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ንከሪው። አብጦ የሚያሳልፍና የሚተጣጠፍ መሆን አለበት። ላዩን በማጣሪያ ወረቀት ነካ አድርገሽ አድርቂው፤ አጥብቀሽ አትጭመቂው።

አዮን የማስተላለፍ አቅሙን በመልቲሜትር አትለኪ። በቀጥታ ጅረት አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ላይ ተከማችተው ንባቡ እያደገ ይሄዳል። ሁለት የማይዝግ ብረት ዲስኮች መሀል አስቀምጪውና በኢምፔዳንስ (በተለዋዋጭ ጅረት በሚለካ መቋቋም)፣ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ መስመሩ ዘንጉን የሚነካበትን ኦም አንብቢ። ውፍረቱን ለስፋቱና ለኦሙ ብዜት ታካፍያለሽ። ውፍረት 0.05 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ 5 ኦም ከሆነ በሴንቲ ሜትር 10 ሚሊ ሲመንስ ነው። ውፍረቱን ካበጠ በኋላ ለኪ። ደረቁን ውፍረት ይዞ መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱንም ከእውነቱ ያሳንሰዋል።

ለኤሌክትሮዱ 85 እጅ አክቲቬትድ ካርቦን፣ 10 እጅ ካርቦን ብላክ፣ 5 እጅ ሲኤምሲ (ማጣበቂያ) በውሃ። ሲኤምሲ ከሴሉሎስ የሚሠራ ስለሆነ ከርዕስሽ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው ማጣበቂያ ፒቪዲኤፍ ግን በፍሎሪን የተሠራ ፕላስቲክ ነው፣ ማሟሚያውም ለጤና ጥሩ አይደለም። የጅረት ሰብሳቢው ግራፋይት ፎይል ይሁን። አሉሚኒየም ፎይል ክሎራይድ ያለበት ጄል ውስጥ ይበላል። በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊ ግራም ካርቦን ብቻ ከቀባሽ በግራም የሚወጣው ቁጥር ያምራል፤ 8 ወይም 10 ስታደርሺው ይወርዳል። የሚታመነው ሁለተኛው ነው።

ስሌቱ ላይ ደግሞ፦ የሴሉ ካፓሲታንስ ጅረት ሲባዛ በመልቀቂያ ጊዜ፣ ሲካፈል ለቮልቴጅ ለውጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን ድንገተኛ የቮልቴጅ ውድቀት ከቮልቴጁ ለውጥ ቀንሺ። «የአንድ ኤሌክትሮድ» ለማለት በ4 አባዝተሽ ለሁለቱ ኤሌክትሮዶች ድምር ክብደት ታካፍያለሽ። ያንኑ በ4 የተባዛ ቁጥር ይዞ የሴሉን ኢነርጂ መቁጠር ግን አይፈቀድም፣ ብዙ ወረቀት ላይ ቢታይም። ኢነርጂው ካፓሲታንስ ሲባዛ በቮልቴጅ ስኩዌር ሲካፈል ለ2 ነው፤ 1 ፋራድ በ1 ቮልት ግማሽ ጁል ብቻ ነው። የ5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የስልክ ባትሪ ወደ 69,000 ጁል ይይዛል። ስለዚህ መግቢያሽ ላይ «የገጠር መብራት» አትጻፊ። ለአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ተጥሎ ለሚቀር ሴንሰር ነው የሚሆነው።

ሁለት ቀድመው የተሠሩ ነገሮችን ተመልከቺ። በ2021 የስዊዘርላንዱ ኤምፓ ተቋም ከሴሉሎስ፣ ከካርቦን፣ ከግሊሰሪንና ከገበታ ጨው የታተመ ሱፐርካፓሲተር አሳይቷል፤ አፈር ውስጥ በሁለት ወር ተበታትኗል፣ የካርቦን ቅንጣቶች ብቻ ቀርተዋል። በ2022 ደግሞ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚንክ ባትሪ የካይቶሳንና የዚንክ ጄል ሠርተዋል፤ ጄሉ በ5 ወር ገደማ አፈር ውስጥ ፈርሷል፣ ዚንኩ ይቀራል። የአንቺን ከእነሱ ጋር አነጻጽሪ።

ዋናው ውድቀት ግን ኬሚስትሪ አይደለም፣ መድረቅ ነው። ጄሉ ውሃው ሲተን ኦሙ ይወጣል። ሴሉን ከመሞከርሽ በፊትና በኋላ መዝኚው፤ ክብደት ከቀነሰ የሳይክል (ደጋግሞ የመሙላትና የመልቀቅ) ውጤቱ ስለ ማሸጊያው እንጂ ስለ ጄሉ አይናገርም። ሁለቱም ኤሌክትሮድ ካርቦን ከሆነ ከ1 ቮልት ጀምሪ፤ ጋዝ መውጣቱን እየተከታተልሽ በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጊ።


አፈር

ስለ ኮምፖስቱ፦ አማካሪሽ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። መበስበስ የሚችለው ፖሊመሩ ነው። የያዘው ነገር አይበሰብስም። እርሳስ ወይም ካድሚየም የያዘ እንክብል ኮምፖስት ውስጥ ሲፈርስ ብረቱን ለአፈሩ ያስረክባል፤ ከማይበሰብስ ማጣሪያ ይብሳል። ፍሎራይድ የያዘውም እንዲሁ መሬት ላይ አይጣልም። ወይ ይታደሳል፣ ወይ ደርቆ ተቃጥሎ አመዱ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይያዛል። «በተፈጥሮ ይበሰብሳል» የሚለው ሐረግ ለሱፐርካፓሲተሩ ጄል ያስኬዳል፣ ያውም ዚንኩ ተለይቶ ከወጣ። ለውሃው እንክብል ርዕሱ ላይ ባታስገቢው ይሻላል።

መበስበሱን ለማሳየት አፈር ውስጥ ቀብሮ ክብደት መቀነሱን መመዘን አይበቃም። ጄሉ ከ95 እጅ በላይ ውሃ ነው፤ ቢደርቅ ብቻ «በሰበሰ» ይመስላል። በአፈሩ ውስጥ ያለው ጨውም ካልሲየሙን አስለቅቆ ሊያሟሟው ይችላል፤ ያ መሟሟት እንጂ መበስበስ አይደለም። ማስረጃው የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አይኤስኦ 14855 የሚለካው ያንን ነው። የዚያ መሣሪያ ከሌለ ትንሽ ዘዴ አለ፦ የታሸገ ማሰሮ ውስጥ አፈርና ጄል፣ ጎኑ ላይ 0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የያዘች ትንሽ ቢከር። ቢከሯን በየሦስት ቀኑ አውጥተሽ ባሪየም ክሎራይድ ጨምሪባትና የቀረውን አልካሊ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታይትሬት አድርጊ። አፈር ብቻ ያለው ማሰሮ፣ ሴሉሎስ ያለው ማሰሮና ጄል ያለው ማሰሮ ሦስቱ ጎን ለጎን ይሁኑ። ሴሉሎሱ ያለው ካልተነፈሰ አፈርሽ ሞቷል፣ ሙከራው አይቆጠርም።

ለማስተሳሰር ግሉታራልዲሃይድ ወይም አክሪላማይድ ከገባ ደግሞ ርዕሱን ከነጭራሹ ቀይሪ። ፖሊአክሪላማይድ የገባበት ጄል ግማሹ ፕላስቲክ ነው።

ማስቀመጥን በተመለከተ፣ እንክብሎቹ ክፍል ሙቀት ላይ ሲቆዩ ሻጋታ ያበቅላሉ። በ4 ዲግሪ፣ የካልሲየሞቹን በ0.1 ፐርሰንት ካልሲየም ክሎራይድ፣ የዚርኮኒየሞቹን በዲስቲልድ ውሃ። ሶዲየም አዛይድ (ሻጋታ የሚከላከል መርዛማ ኬሚካል) የሚመክር ሰው ካጋጠመሽ ለመጠጥ ውሃ በሚሞከር ነገር ላይ አይነካም በይው። አቅሙን የምትለኪበትን ደረቅ ክብደት ደግሞ ከዚያው ቀን ናሙና ውሰጂ፦ 50 እንክብል ቆጥረሽ፣ ላዩን አድርቀሽ መዝኚ፣ በ105 ዲግሪ ክብደቱ እስኪቆም አድርቂ፣ እንደገና መዝኚ። ፍሪጅ ውስጥ የቆየና ትናንት የተሠራ እንክብል የውሃ መጠናቸው አንድ አይደለም።